ስለ ኢትዮጵያ ቡቡ፤ በሐይቅ አካባቢ ቁጥቋጦ ስለሚኖር ጥንድ ዘማሪ ወፍ

ከደሴ ከተማ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፥ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ካደራጁት ወዲህ በመጻሕፍቱና በሊቃውንቱ የታወቀ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን የሚመለከተው በሐይቁ ዙሪያና በአምባሰል ግርጌ እንዳለው ባለ ጥሻ አገር የሚኖረውን አንድ ወፍ ነው። ስለዚህ ወፍ ዐይን ብዙ ጊዜ ተሳስቷል፤ የታመነው ምስክር ጆሮ ነው። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በወሎ ደጋና ወይና ደጋ ጥቁርና ነጭ ላባ ያላቸው፥ ምንቃራቸው ጫፉ ላይ የቆለመመ ሁለት ዐይነት ወፎች አሉ። አንደኛው በገላጣ ስፍራ በእሾህ ጫፍ ወይም በስልክ ሽቦ ላይ ተቀምጦ ፌንጣና እንሽላሊት የሚያድነው ሽራይክ ነው። ያደነውን በእሾህ ላይ የመስካት ልማድ ስላለው፥ የወገኑ ስም «ላኒዩስ» ማለትም በላቲን «ሥጋ ሻጭ» ተብሏል። የአገራችን ዝርያ በ1814 በሄንሪ ሶልት የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ የተገለጸው በትግራይ ከጨለቆት በተገኘ ወፍ ነው።

ሁለተኛው «ቡቡ» የሚባለው ነው። ጀርባው ጥቁር፥ ክንፉ ነጭ ሰረዝ ያለበት፥ ደረቱም ሐመር ሮዝ የነካው ነጭ ነው። ወንዱና ሴቷ በመልክ አይለዩም። ከጥሻው ውስጥ እምብዛም ስለማይወጣ ከሚያየው ይልቅ የሚሰማው ሰው ይበዛል።

የጀርመኑ ሊቅ ግመሊን በ1789 ይህን ወፍ ከሐበሻ አገር የመጣ ብሎ ሲመዘግበው «ቱርዱስ ኤቲዮፒኩስ» አለው፤ ቱርዱስ ሌላ የዘማሪ ወፎች ወገን ነው። በኋላ የምንቃሩ መቆልመም ታይቶ ከሽራይክ ጋር ተቈጠረ። የዘር ምርመራ ግን ሽራይክ ለቁራ ቤተ ሰብ፥ ቡቡ ደግሞ በማዳጋስካር ላሉት ቫንጋ ለተባሉ ወፎች እንደሚቀርቡ አሳየ። ስለዚህ ምንቃራቸው የተመሳሰለው በአደን ተመሳሳይነት እንጂ በቅርብ ዝምድና አይደለም። በላባ ቀለም መታመንም እንዲሁ ያሳስታል፤ በ1988 በሶማሊያ ቡሎ ቡርቲ የተገኘ አንድ ቡቡ በ1991 አዲስ ዝርያ ተብሎ ነበር፤ በ2008 የወጣው ጥናት ግን የሌላ የታወቀ ቡቡ የቀለም ልዩነት ብቻ መሆኑን ገለጠ። በዚያው ጥናት ቀድሞ አንድ ዝርያ የተባሉት የአፍሪካ ቡቡዎች ተለያዩና፥ «ኤቲዮፒኩስ» የሚለው ስም ለእኛ አካባቢ ወፍ ብቻ ቀረ።

ዜማው የሁለት ነው። አንዱ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ሲያሰማ ሌላው ወዲያው ይቀበለዋል። በማሕሌት በቀኝና በግራ የቆሙ መዘምራን ዜማውን እየተቀባበሉ እንደሚያደርሱ፥ እነዚህም ተቀባብለው አንድ ዜማ ይሞላሉ። ነገር ግን ቅብብሉ እጅግ ፈጣን ከመሆኑ የተነሣ ያልለመደ ሰው የአንድ ወፍ ድምፅ ይመስለዋል። የካምብሪጁ ሊቅ ቶርፕ በ1963 በዚሁ ወገን ወፎች ላይ ባደረገው ልኬት፥ መልሱ ከሴኮንድ ጥቂት ክፍልፋይ በኋላ፥ ያውም ሳይዛነፍ እንደሚከተል አረጋግጧል። የዜማው አንዱ ጥቅም ድንበር ማስከበር ነው፤ በ2004 ከአይቮሪ ኮስት የወጣ ጥናት፥ የቅርብ ዘመድ የሆነው ቡቡ ባላንጣውን ካሸነፈ በኋላ የተለየ የድል ቅብብል እንደሚያሰማ ገልጿል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። የመጀመሪያው፥ የወፍ ስሞችን ከባላገር የሚሰበስብ ተማሪ ሥዕል ብቻ ቢያሳይ፥ የጠየቀው ስለ ቡቡ ሆኖ ሳለ የሚመለስለት በየሽቦው የሚታየው የሽራይክ ስም ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ ድምፁን ያሰማ፤ ሥዕሉን በኋላ ያሳይ።

ሁለተኛው የደኑን ጤና ይመለከታል። ቤተ ክርስቲያንን የከበበ ረጅም ጽድና ወይራ ሲታይ ደኑ ሙሉ ይመስላል። ቡቡ ግን ምግቡን የሚለቅመውም ሆነ ጎጆውን የሚሠራው በቁጥቋጦና በሐረግ ውስጥ ነው። በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ተደርጎ በ2009 የወጣ ጥናት፥ ከብት የሚገባበት ደን ችግኝ ለማሳደግ እንደሚቸገር አሳይቷል። ሥሩ የተመነጠረና የተጋጠ ደን ዛፎቹ ገና ቆመው ሳሉ ቡቡን ያጣል። እንግዲህ ቅጥሩን የሚጠብቅ ሰው ዛፎቹን መቊጠር ብቻ አይበቃውም፤ ማለዳ ቆሞ ቅብብሉ መሰማት አለመሰማቱንም ያዳምጥ።