ውሃው ሲገባ ፍሳሹ ወዴት?

ነፋስ መውጫ፣ መካነ ኢየሱስ ወይም ወገዳ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው መብራትና ውሃ መኖሩን ነው። ፍሳሹ የት እንደሚሄድ የሚያስበው ጉድጓዱ ሲሞላ ነው። አዲስ አበባም የሠራችው ይህንኑ ነው፤ የእሷ መዘግየት በወንዞቿ ላይ ስለታየ ብቻ አገር አወቀው።

የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲሠራ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ እንዲቀበልና 50,000 ያህል ሰው እንዲያገለግል ታስቦ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ፍሳሹ ከኩሬ ወደ ኩሬ እየተላለፈ ዝቃጩ ይረጋል፣ ባክቴሪያና ፀሐይ ቀሪውን ይሠራሉ፣ የጠራው ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይወርዳል። ችግሩ ከኩሬዎቹ አልነበረም። አብዛኛው ቤት ከመስመሩ ጋር ሳይያያዝ ስለቀረ፣ ከተማዋ በፍሳሽ እየተጥለቀለቀች ጣቢያው ለዓመታት ከአቅሙ በታች ሠራ። ጉድጓዱ የሞላበት ሰው መጣጭ መኪና ይጠራል፤ ገንዘብ ያጠረው ክረምት ጠብቆ ወደ ቦይ ይለቀዋል። ወንዙ ሁሉንም ይዞ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል፤ በመንገዱም ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል።

ኮንዶሚኒየም ሲበዛ ነገሩ አላስኬድ አለ፤ የፎቅ ነዋሪ ሁሉ የየራሱን ጉድጓድ አይቆፍርም። በዓለም ባንክ ገንዘብ ጣቢያው በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ተደርጎ እንደገና ተገነባ፤ በ2010 ዓ.ም. አካባቢም ሥራ ጀመረ። አቅሙ ከ13 እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። በእኔ ግምት ግን ትልቁ ለውጥ ጣቢያው ሳይሆን አብረው የተዘረጉት መስመሮችና የቤት ለቤት ቅጥያዎች ናቸው። በ2009 ዓ.ም. ባንኩ ለአዲስ አበባና ለ22 ሌሎች ከተሞች ውሃና ፍሳሽ ሌላ 445 ሚሊዮን ዶላር ፈቅዷል። ነፋስ መውጫን የሚያህል ከተማ እንዲህ ያለው ተራ ቶሎ አይደርሰውም።

ባይደርሰውም አላዝንም፤ ነፋስ መውጫ ያለችበት ጋይንት ትንሽ ቃሊቲ አያስፈልጋትም። የፍሳሽ መስመር ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ውሃ በሚመጣበት ሰፈር የተዘረጋ ቱቦ ይደፈናል። የሚያስፈልገው ከየጉድጓዱ የተመጠጠውን ዝቃጭ የሚቀበል፣ አሸዋና ጠጠር የተነጠፈበት ማድረቂያ ነው። ውሃው ወደ ታች ይንጠፈጠፋል፣ ደረቁ ከላይ ይቀራል፣ የተንጠፈጠፈውም በኩሬ ይጠራል። ይህን አካፋና ጋሪ የያዙ ሠራተኞች ያስኬዱታል።

ሁለት ነገር ግን አገሩ ይወስናል። አንደኛው ብርዱ ነው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ በብርድ ባክቴሪያ ይሰንፋል፣ ዝቃጭም ለመድረቅ ይዘገያል። የቆላ ስሌት ወስዶ የሚቆፈር ኩሬ እዚያ ጠባብ ይሆናል። ሁለተኛው የጉና ተራራ ነው። በምዕራቡ ርብና ጉማራ ተነሥተው ጣና ይገባሉ፤ በምሥራቁ ከሚወርደው ውሃ ከፊሉ በበሽሎ በኩል ዓባይ ይደርሳል። ከላይ ጉድጓድ ከታች ምንጭ ባለበት ተዳፋት፣ የማድረቂያው ቦታ ከምንጭና ከወንዝ የራቀ፣ መኪናውም በክረምት የሚደርስበት መሆን አለበት። እንዲህ ያለ መሬት ከተማው ሳይሰፋ ካልተከለለ በኋላ አይገኝም፤ ሲገኝም ካሳውና ክርክሩ ከግንባታው ይበልጣል። ለዚህ ነው ጉዳዩ ከመሐንዲሱ ይልቅ የከተማ ፕላን አውጪውን የሚመለከተው።

ደረቁን ዝቃጭ በተመለከተ ገበሬው የሚያነሳው ጥርጣሬ ተገቢ ነው። የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. መመሪያው፣ ከ2 እስከ 20 ዲግሪ ሙቀት ባለበት አገር ዝቃጩ ሳይነካ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት እንዲከማች ይመክራል። የጋይንት ደጋ ከዚህ ውስጥ ነው። ስለዚህ የማከማቻው ቦታ የሁለት ዓመት ዝቃጭ መያዝ ይኖርበታል፤ ግንባታውን በርካሽ የሚያጫርት ሰው አስቀድሞ የሚቀንሰው ይህንኑ ነው። ጊዜውን የጨረሰው ከሰላጣ ይልቅ ለገብስ ማሳ ቢውል ይመረጣል፤ ለዘመናት የታጠበው የደጋ አፈርም ይፈልገዋል። ማዳበሪያ በተወደደበት ዘመን ገበሬው ነፃ ጭነት ቢያገኝ እሺ ይል ይሆናል፤ የጎረቤቱን ማሳ በዓይኑ ካየ በኋላ እንጂ አስቀድሞ አይደለም።