«በመሥራት ላይ» የተባለው ፕሮግራም በእርግጥ ይሠራልን?

እ.ኤ.አ. በ1994 ቶማስ ስተርሊንግና ዶናልድ ቤከር በናሳ ጎዳርድ ማዕከል ከገበያ የተገዙ 16 ፕሮሰሰሮችን በኔትወርክ አያይዘው ቤዎልፍ የተባለውን ክላስተር ሠሩ። አሠራሩ ከዚያ ወዲህ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፍቷል። ተመራማሪው ስሌቱን ለወረፋ አስተዳዳሪው ፕሮግራም ያስረክባል፤ ተራው ሲደርስም «በመሥራት ላይ» የሚል ምልክት ያያል።

ምልክቱ ግን የሚናገረው ፕሮሰሰሮቹ መያዛቸውን ብቻ ነው። 16 ፕሮሰሰሮች ጠይቆ በአንዱ ብቻ የሚያሰላ ፕሮግራም የቀሩትን 15 ሥራ አስፈትቶ ይይዛቸዋል፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ስሌት የቀረው ተማሪ ደግሞ ወረፋ ይጠብቃል።

ይህንን ከሚያጋልጡት የድረ ገጽ መቆጣጠሪያዎች አንዱ በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ጋንግሊያ ነው (ቃሉ በሥነ ሕይወት የነርቭ ሕዋሳት ክምችቶችን ያመለክታል)። በየኮምፒዩተሩ የሚጫነው ጂሞንድ የፕሮሰሰሩን፣ የሜሞሪውንና የኔትወርኩን ሁኔታ ይለካል፤ ጂሜታድ ልኬቶቹን ሰብስቦ በመረጃ ቋት ያኖራል፤ ድረ ገጹም በግራፍ ያሳያቸዋል።

የቋቱ መጠን አስቀድሞ ስለሚወሰን ዲስኩን አያጣብብም፤ የቆዩ ልኬቶች በአማካይ ይጠቃለላሉና። ይሁን እንጂ ለጥቂት ደቂቃ ሜሞሪውን ሞልቶ የወደቀ ፕሮግራም ዱካ ከወራት በኋላ በግራፉ ላይ አይገኝም። ከሁሉም በላይ ጋንግሊያ ብቻውን ማሽኑን እንጂ ሥራውን አያውቅም። በአምስተርዳም ይገኝ የነበረው የሳራ የስሌት ማዕከል ያዘጋጀው ጆብ ሞናርክ የተባለ ማሟያ የወረፋውን መዝገብ ከልኬቶቹ ጋር በማጣመር የትኛው ሥራ የትኞቹን ማሽኖች እንደያዘ ያሳያል።

እንዲህ ያለው ገጽ የተጠቃሚዎችን ስም ጭምር ስለሚያወጣ፣ ከተቋሙ ኔትወርክ ውጭ እንዳይከፈት መገደብ ይገባል።