የኤቢኤስ መብራት በአምቦ መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በግንጪ አድርጎ አምቦ የሚገባው መንገድ ከአገራችን ዘመናዊ መንገዶች መካከል በዕድሜ ከቀደሙት ወገን ነው፤ እስከ አዲስ ዓለም ያለውን ክፍል ያስወጡት ዳግማዊ ምኒልክ ሲሆኑ፣ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያመጣውና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ የሰየመው በእንፋሎት የሚሠራ መኪናም በዚያው ዘመን የታየ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለንጉሠ ነገሥቱ ካቀረበ ወዲህ የመኪናው ዓይነት እየበዛ ሄዶ፣ ዛሬ በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ጎዳና ላይ ቪትዙ፣ ኮሮላው፣ ዶልፊኑና አባዱላው ከጋሪና ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ ይውላል። አብዛኛው ከሃያ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ የጠገበ ነው። ሞተሩ በመካኒክ ብልሃት፣ ቦዲው በቀለም ይታደሳል፤ ነገር ግን አንድ ቀን በዳሽቦርዱ ላይ ኤቢኤስ የሚል ብጫ መብራት በርቶ አልጠፋ ሲል፣ ባለቤቱም ጋራዡም የሚያደርጉት ይጠፋቸዋል።

የኤቢኤስ ግብር በአጭሩ ሲተረጎም እንዲህ ነው። ነጂው ደንግጦ ፔዳሉን እስከ ወለል በረገጠ ጊዜ ጎማው መዞሩን ጨርሶ ይተውና መኪናው በእርጥብ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል፤ የፊቱ ጎማ መዞር ካቆመ ደግሞ መሪው ቢጠመዘዝም መኪናው አይታዘዝም። ስለዚህ በየጎማው ጥርሳም ቀለበትና የጥርሶቹን ማለፍ የሚቆጥር ሴንሰር ይደረጋል፤ የአራቱም ቁጥር ወደ አንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ይደርሳል፤ እርሷም ከአራቱ አንዱ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ለመቆም ሲቃጣው ባየች ጊዜ የዚያን ጎማ የፍሬን ዘይት በቫልቭ ዘግታ፣ ግፊቱን ቀንሳ፣ መልሳ ትሰጠዋለች፤ ይህንንም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ደጋግማ ታደርገዋለች። የሠለጠነ ፈረሰኛ በቁልቁለት ላይ ልጓሙን ሳብ ለቀቅ እያደረገ ፈረሱን ሳያደናቅፍ የሚያወርድበት ጥበብ ከዚህ የራቀ አይደለም።

የጀርመኑ ቦሽ ጎማ እንዳይቆለፍ ለሚከለክል መሣሪያ የባለቤትነት መብት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ ሆኖም ሐሳቡ በኤሌክትሮኒክስ ተሠርቶ በመርሰዲስ መኪና ላይ ለገበያ እስኪበቃ ድረስ፣ ማለት እስከ 1978፣ አርባ ሁለት ዓመት ቈይቷል። በመካከሉ፣ በ1966፣ ጄንሰን ኤፍ ኤፍ የተባለው የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ዳንሎፕ ለአውሮፕላን የሠራውን መሣሪያ ተውሶ ብቅ ብሎ ነበር። የስፖርት መኪና በዚህ ነገር ቀዳሚ መሆኑ አያስደንቅም፤ ሩጫው ከበዛው ይልቅ ለማቆም የሚጨነቅ የለምና። የሚያስደንቀው አሁን በእርጅናው ዘመን የደረሰበት መከራ ከአምቦው ቪትዝ መከራ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2004 የተሠራውን ኮርቬት የተባለ የስፖርት መኪና እንመልከት። መኪናው ከውጭ ሲታይ አንድ ነው፤ ነገር ግን እስከ 2000 የወጣውና ከ2001 ወዲህ የወጣው የፍሬን ኮምፒዩተር የተለያየ ስለ ሆነ፣ የአንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ የኋለኛውን ዓይነት ደግሞ ፋብሪካው አዲስ አድርጎ ማቅረቡን ተወ። የብዙ ሺህ ዶላር መኪና በአንዲት በእጅ በምትያዝ ሣጥን ምክንያት ቆሞ ይውላል ማለት ነው። ቦሽ በ1990ዎቹ አጋማሽ ያወጣው 5.3 የተባለው ዓይነት በበኩሉ በፖርሽ የስፖርት መኪና ላይም በአውዲና በቮልስዋገን የቤተሰብ መኪና ላይም ተገጥሞ ተሸጧል፤ በሁሉም ዘንድ ከዓመታት ሙቀትና ንዝረት የተነሣ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የሽቦ ማያያዣዎች ይላቀቃሉ። የፖርሹ ባለቤት የተጣለ የፓሳት ዕቃ በርካሽ አግኝቶ ሲያየው ቅርፊቱ፣ ሶኬቱ፣ የብሎኑ ቀዳዳ ሳይቀር የእርሱን ይመስለዋል። ይሁን እንጂ በውስጡ የተጻፈው ፕሮግራም የመኪናውን ክብደት፣ የጎማውን ዙሪያ፣ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት እያሰበ የተዘጋጀ ስለ ሆነ፣ መልኩ ቢመስልም ባሕርዩ ሌላ ነው። በዚህም ምክንያት በውጭ አገር ልምድ ያላቸው ሰዎች የደረሱበት መንገድ የሌላውን ከመፈለግ ይልቅ የራስን ዕቃ ከፍቶ፣ የተላቀቀውን ሽቦ በጥንቃቄ አያይዞ፣ መልሶ ማሸግ ሆነ፤ የራሱ ከሆነ ፕሮግራሙም የራሱ ነውና።

በምዕራብ ሸዋ የስፖርት መኪና ለዓይን ብርቅ ነው፤ ትምህርቱ ግን ሳይቀነስ ይሠራል።

ከሁሉ በፊት ግን ሞቷል የተባለው ኮምፒዩተር በእውነት መሞቱ ይመርመር። ክረምት በገባ ጊዜ ከአስፋልቱ ወጣ ብለው ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚመላለሱት መኪኖች የጎማቸው ሴንሰር በጭቃ ይለሰናል፤ ሽቦው በድንጋይ ይቀነጠሳል፤ ደካማ ባትሪም ብቻውን መብራቱን ሊያበራ ይችላል። ከሃያ ዓመት በፊት በተሠሩት በብዙዎቹ ቶዮታዎች ላይ ይህን ለማወቅ ውድ ስካነር እንኳ አያስፈልግም። ከመሪው በታች ባለው የመመርመሪያ ሶኬት 4ኛውንና 13ኛውን ቀዳዳ በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ወደ ኦን መክፈት ይበቃል፤ ሞተሩ አይነሣም። ያን ጊዜ የኤቢኤሱ መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ይጀምራል፤ ሦስት ጊዜ ብልጭ ብሎ ትንሽ አርፎ አንድ ጊዜ ብልጭ ካለ ቁጥሩ 31 ነው፣ ይኸውም የፊት ቀኝ ጎማ ሴንሰር፤ 32 የፊት ግራ፣ 33 የኋላ ቀኝ፣ 34 የኋላ ግራ ነው። 41 ከሆነ ነገሩ የባትሪ ኃይል ነው። ከ21 እስከ 24 ያሉት ቁጥሮች ወይም 51 ከመጡ ግን ጣት የተቀሰረው በቫልቮቹና በፓምፑ ሞተር ላይ ነው፤ የዕቃ ፍለጋውም የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ቁጥሩን ሳይቆጥር «ኮምፒዩተሩ ተቃጥሏል፣ ሌላ ይምጣ» የሚል ጋራዥ ደንበኛውን ላላስፈላጊ ወጪ ይዳርጋል። መብራቱ ሳያቋርጥ በእኩል ፍጥነት ብልጭ ብልጭ እያለ ከቀጠለ የተመዘገበ ጉድለት የለም ማለት ነው።

ጉድለቱ የዕቃው መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ሰው ሁሉ የሚሄደው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። በዚያ ከተፈቱ መኪኖች የወጡት የኤቢኤስ ክፍሎች ተደርድረው ይታያሉ፤ አሉሚኒየም ጉንድ፣ በአንድ ወገን ጥቁር የፕላስቲክ ክዳን፣ በሌላው ክብ ሞተር። ሻጩም አንዱን አንሥቶ «ለሁሉም ቪትዝ ይሆናል፣ ጋሼ» ይላል። ለሁሉም ቪትዝ የሚሆን ግን የለም። እዚህ ላይ በአገራችን ብቻ የሚያጋጥም አንድ ነገር አለ፦ ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት ቪትዞች ብዙዎቹ ለጃፓን ገበያ መሪያቸው በቀኝ ሆኖ ተሠርተው፣ በኋላ ዱባይ ላይ ወደ ግራ የተዛወሩ ናቸው፤ ለአውሮፓ ያሪስ ተብሎ የተሠራው ወንድማቸው ደግሞ ከመጀመሪያው ግራ መሪ ነው። በጎዳና ላይ ሲቆሙ የሚለያቸው የለም፤ የፍሬን ዕቃቸው ቁጥር ግን ሊለያይ ይችላል። ባለቤቱ ሊብሬውን ይዞ የዓመቱንና የሞዴሉን ስም ቢናገር ስለዚህ አይበቃውም፤ መነጋገር ያለበት በቁጥር ነው።

ቁጥሩ በክፍሉ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ወይም በክዳኑ ላይ በተቀረጸው ጽሑፍ ይገኛል። የቶዮታ ቁጥር አሥር አሃዝ ሆኖ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፤ 44510 ወይም 44050 የዘይቱን ክፍል፣ 89541 ኮምፒዩተሩን ያመለክታል። ከሰረዙ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ዕቃው በመጀመሪያ ለየትኛው የመኪና ዘር እንደ ተሠራ ይነግራሉ፤ ብዙ ጊዜ 52 ለቪትዝ ቤተሰብ፣ 12 ለኮሮላ፣ 26 ለሃያስ፣ 60 ለላንድ ክሩዘር ይውላል። አሥሩም አሃዝ አንድ ከሆነ ዕቃው አንድ ነው። የመጨረሻው ብቻ ከተለየ ፋብሪካው አሮጌውን ቁጥር በአዲስ ተክቶት ሊሆን ስለሚችል፣ በሻንሲ ቁጥር ካታሎግ የሚያይ ሰው ይጠየቅ፤ ከዚህ አልፎ «ይመስላል» በሚል ዕቃ ተገዝቶ ፍሬን ላይ አይገጠም። በተለይ በአራት ጎማ የሚነዳ መኪና ዕቃ በሁለት ጎማ ለሚነዳው፣ መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ሥርዓት ያለበት ዕቃ ለሌለበት አይሆንም፤ ሶኬቱ ቢገባ እንኳ ኮምፒዩተሩ የሌለ ሴንሰር እየጠበቀ መብራቱን ያበራል። ይህ እንኳ ደኅናው ነው። የከፋው መብራቱ ጠፍቶ ስሌቱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ነው፤ የጎማው ቀለበት የጥርስ ብዛት ከፕሮግራሙ ጋር ካልተስማማ ኮምፒዩተሩ ደኅናውን ጎማ የቆመ አድርጎ ሊቈጥር፣ ፍሬኑንም በማያስፈልግበት ጊዜ ሊለቅ ይችላል።

ገዢው ዕቃውን በእጁ ሲያገላብጥ የዘይት ቀዳዳዎቹን ይመልከት። በፕላስቲክ ውታፍ ከተዘጉ ያወጣው ሰው ሥራውን ያውቃል። ክፍት ሆነው በመርካቶ አቧራ ውስጥ የሰነበቱ እንደ ሆነ ግን፣ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበትን የሚጠጣ ባሕርይ ስላለው፣ በውስጡ ዝገት ተፈጥሮ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ በርካሽ ከመግዛት መተው ይሻላል። ሶኬቱን ጥቂት ሽቦ አስተርፎ ቈርጦ ከዕቃው ጋር የሚሸጥ ሰው ከተገኘ መልካም ነው፤ የአሮጌ መኪና ሶኬት ጥርሱ ስለሚሰበር ያ ትርፍ ቁራጭ ኋላ ይፈለጋል። በአንዳንድ መኪና ኮምፒዩተሩ ከዘይቱ ክፍል በብሎን ብቻ ስለሚለይ የዘይት ቱቦ ሳይፈታ ይቀየራል። ቱቦው ከተፈታ ግን አየር ይገባል፤ የተለመደው ፔዳል እየረገጡ ማስወጣት ከቫልቮቹ ውስጥ ያለውን አየር ሁልጊዜ አይጠርግምና፣ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅስ ስካነር ያለው ባለሙያ ይፈለግ። ይህን ሳያደርጉ «ፔዳሉ ትንሽ ለስልሷል እንጂ ይሠራል» ብሎ መኪና ማስረከብ ከጌዶ ወደ ባኮ የሚወርደውን ቁልቁለት ወይም ከወንጪ ወደ አምቦ የሚመለሰውን ጠመዝማዛ የማያውቅ ሰው ሥራ ነው።

ትክክለኛው ዕቃ እስኪገኝስ ምን ይደረግ? ብጫው መብራት ብቻውን ከበራ ፍሬኑ እንደ ድሮው መኪና ፍሬን ይሠራል፤ አባቶቻችን ኤቢኤስ በሌለው ፊያትና ቮልስዋገን ይህንኑ መንገድ ተመላልሰውበታል። እንዲያውም በኮረኮንች ላይ ኤቢኤስ መኪናውን ለማቆም የሚፈጀውን ርቀት ሊያረዝም እንደሚችል የታወቀ ነው። ነገር ግን በዚያ ጊዜ የኋላውን ጎማ ፍሬን የሚመጥነውም ሥራ አብሮ ሊቋረጥ ስለሚችል ፍጥነት መቀነስ፣ በእርጥብ መንገድም ርቀት መጠበቅ ግድ ነው። ቀዩ የፍሬን መብራት ከብጫው ጋር አብሮ የበራ እንደ ሆነ ግን መኪናው ይቁም፤ ዘይቱ ጎድሎ ሊሆን ይችላልና። ለእኔ ያለ ኤቢኤስ በጥንቃቄ መንዳት ባዕድ ኮምፒዩተር ገጥሞ ተማምኖ ከመንዳት ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ይህ ችግር ወደፊት ይበዛል እንጂ አይቀንስም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል፤ ስለዚህ በእጃችን ያሉት ቪትዝና ኮሮላ ገና ብዙ ዘመን ያገለግላሉ፣ መለዋወጫቸውም ከተፈቱት ባልንጀሮቻቸው ይገኛል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት አዲሶቹም ቢሆኑ ተራቸው ሲደርስ ከዚህ አያመልጡም፤ የእነርሱ የፍሬን ኮምፒዩተር ከሞተሩ ጋር እየተነጋገረ ስለሚሠራ ከመኪና ወደ መኪና ማዛወሩ የባሰ ይከብዳል። በየከተማው ያሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሴንሰር መለካትንና የተላቀቀ ሽቦ ማያያዝን ለተማሪዎቻቸው ቢያስተምሩ፣ ወደ መርካቶ የሚደረገው ጉዞ በግማሽ ይቀንሳል የሚል እምነት አለኝ። ከሻጮች የምንለምነው ደግሞ ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ነው፤ የፍሬን ኮምፒዩተር ከመኪና ላይ ሲወጣ ወዲያው የዚያን መኪና የሻንሲ ቁጥር በማይለቅ ቀለም በክዳኑ ላይ ይጻፉበት።