ጉንጉን ክር ሪል ላይ እንዳይንሸራተት

ጉንጉን የዓሣ ማጥመጃ ክር በሪል ላይ ተጠምጥሞ እያለ እንኳ ሳይያዝ ሊቀር ይችላል። ሲታይ በሥርዓት የተጠቀለለ ነው። ከባድ ዓሣ ሲጎትተው ግን የተጠመጠመው ሁሉ አንድም ዙር ሳይፈታ እንዳለ በማጠንጠኛው ላይ ይሽከረከራል። አጥማጁ እጀታውን ቢያዞር ክሩ አይገባም፤ ዓሣው ሲስብ ደግሞ የሪሉን ፍሬን ማጥበቅ ምንም አይለውጥም። ጉድለቱ ከላይ በሚታየው ክር ላይ ሳይሆን ከሥር ነው፤ ክሩ ማጠንጠኛውን መጀመሪያ በነካባቸው ጥቂት ዙሮች ላይ።

ይህ ክር አራት፣ ስምንት ወይም ከዚያ የሚበልጡ ቀጫጭን ክሮችን በመጎንጎን ይሠራል። ዛሬ በገበያ ያለው አብዛኛው ሞለኪውሎቹ እጅግ ረጃጅም ከሆኑ የፖሊኤቲሊን ዓይነት የተሠራ ነው፤ በዘሩ የፌስታልና የጄሪካን ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። የሆላንዱ ዲ.ኤስ.ኤም. ኩባንያ ይህንን ቃጫ ዳይኒማ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ማምረት ጀመረ፤ የአሜሪካው አቻው ስፔክትራ ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ዓሣ አጥማጆች እጅ ገባ። የተወደደውም ያለ ምክንያት አይደለም። 0.23 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጉንጉን ክር 9 ኪሎ ግራም ገደማ ይሸከማል፤ ያንኑ ያህል ለመሸከም ናይለን 0.40 ሚሊ ሜትር ገደማ መወፈር አለበት። ቀጭን ስለሆነ ሩቅ ይወረወራል፤ እምብዛም ስለማይለጠጥም ዓሣው መንጠቆውን ገና ሲነካ አጥማጁ እጅ ላይ ይሰማል።

ችግሩም የሚመነጨው ከእነዚሁ ባሕርያት ነው። ፖሊኤቲሊን ሙልጭልጭ ነው፤ የሰበቃ መጠኑ ከቴፍሎን ብዙም አይርቅም። ተራ ማጣበቂያም አይዘውም፤ ስለዚህ ክሩን በሙጫ ለማያያዝ የሚደረግ ሙከራ ድካም ብቻ ነው። ናይለን ግን ሲጠመጠም በመጠኑ ይለጠጥና ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ለመመለስ ሲሞክር ማጠንጠኛውን ጨምድዶ ይይዛል። ጉንጉን ክር ይህ ጉልበት የለውም። ማጠንጠኛው ደግሞ በአብዛኛው ከለሰለሰ አሉሚኒየም ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ ከእሱም ወገን የሚያግዝ ነገር የለም። ለስላሳ በለስላሳ ላይ ተጠመጠመ ማለት ነው።

የሒሳቡን ነገር በገጠር የኖረ ሰው ሁሉ በእጁ ያውቀዋል። በገመድ የተያዘ ኮርማ ሲያስቸግር ሰውየው ገመዱን በግንድ ላይ ሁለት ሦስቴ አዙሮ ጫፉን ብቻ ይይዛል፤ ኮርማው የፈለገውን ያህል ቢጎትት ግንዱ ያግዘዋል። በመካኒክስ መጻሕፍት ውስጥ ከሊዮናርድ ኦይለር ስም ጋር የሚጠቀሰው ቀመር የሚናገረው ይህንኑ ነው፦ በየዙሩ የሚገኘው ጉልበት አይደመርም፤ ይባዛል። የሰበቃ መጠኑ 0.25 የሆነ ክር በሦስት ዙር የተያዘበትን ጉልበት ከ100 እጥፍ በላይ ያሳድጋል። የሰበቃ መጠኑ 0.07 የሆነ ሙልጭልጭ ክር ግን በዚያው ሦስት ዙር አራት እጥፍ እንኳ አያደርሰውም። ከዚህ ይበልጥ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የጫፉ ጉዳይ ነው። ሰውየው ጫፉን ከለቀቀ ሦስቱም ዙሮች ዋጋ ያጣሉ፤ ዜሮ በመቶ ቢባዛም ያው ዜሮ ነው። ጉንጉን ክር ማጠንጠኛው ላይ የሚታሰረው ብዙውን ጊዜ በሸምቀቆ ነው፤ ሸምቀቆው ራሱ ከነቋጠሮው በማጠንጠኛው ዙሪያ ከተንሸራተተ ጫፉን የያዘ ማንም የለም። ከላይ ሁለት መቶ ሜትር ክር ቢጨመርበት ለውጥ የማያመጣው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሁኔታ ከፍሬን መበላሸት ጋር ያምታታዋል፤ ደህናውን ሪል ፈታቶ ቅባት የሚቀባም አይጠፋም። ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። ማጠንጠኛው ከፊት በሆነበት ተራ ሪል ላይ ክሩ በእጅ ሲሳብ ፍሬኑ ደህና ከሆነ ማጠንጠኛው ራሱ ይዞራል፤ አብዛኛው ሪልም ጠቅ ጠቅ እያለ ይሰማል። ክሩ ወጥቶ ማጠንጠኛው ካልዞረ፣ ድምፅም ከሌለ፣ የሚንሸራተተው ክሩ ነው። የሚያጠራጥር ከሆነ በማጠንጠኛው ከንፈርና በክሩ ላይ ትይዩ የሆነ ምልክት በእስክሪብቶ አድርጎ መሳብ ነው፤ ምልክቶቹ ከተለያዩ ነገሩ ተረጋገጠ።

ከመፍትሔዎቹ ሁሉ የሚመረጠው ከሥር ናይለን ማድረግ ነው። ከ5 እስከ 10 ሜትር የሚሆን ናይለን መጀመሪያ ማጠንጠኛው ላይ ይታሰራል። አስተሳሰሩ እንዲህ ነው፦ ክሩ ማጠንጠኛውን ዞሮ ይመጣና አጭሩ ጫፍ በረጅሙ ክር ላይ አንድ ጊዜ ይቋጠራል፤ ከዚያ አጭሩ ጫፍ ላይ ብቻውን ሌላ ትንሽ ቋጠሮ ይደረጋል። ረጅሙ ክር ሲሳብ ሸምቀቆው ጠብቆ ማጠንጠኛውን ያንቃል፤ ሁለተኛዋ ቋጠሮ ከመጀመሪያዋ ጋር ተጋጭታ ጫፉ እንዳያመልጥ ታግዳለች። ከዚያ ናይለኑ ጠበቅ ተደርጎ፣ ዙር ከዙር ጎን እየተደረደረ ይጠመጠማል። ናይለኑ ማጠንጠኛውን ይይዛል፤ ጉንጉኑ ክር ደግሞ ከናይለኑ ጋር ስለሚቋጠር የሚንሸራተትበት ባዶ ብረት አያገኝም።

ሁለቱን ክሮች ለማገናኘት የሚያስተማምነው ድርብ ዩኒ የሚባለው ቋጠሮ ነው። ሁለቱ ጫፎች ፊት ለፊት ተደራርበው ይቀመጣሉ፤ የናይለኑ ጫፍ ቀለበት ሠርቶ በሁለቱም ክሮች ላይ አራት ወይም አምስት ጊዜ ይጠመጠማል፣ የጉንጉኑ ደግሞ ሰባት ወይም ስምንት ጊዜ። የዙሩ ቁጥር የሚለያየው ያው ጉንጉኑ ሙልጭልጭ ስለሆነ ነው። ከመጥበቁ በፊት በምራቅ ይረጥብና ሁለቱ ቋጠሮዎች እስኪገናኙ ድረስ በዝግታ ይሳባሉ። ሳይረጥብ በኃይል የተሳበ ናይለን በሰበቃው ሙቀት ስለሚዳከም፣ የዚያን ቀን ባይበጠስ ሌላ ቀን ይበጠሳል። ከሥር ናይለን የማድረግ ሌላ ጥቅሙ ወጪ መቆጠቡ ነው። ጉንጉን ክር ውድ ነው፤ ትልቅ ማጠንጠኛ ሙሉ በሙሉ በእሱ መሙላት፣ በተለይ ከውጭ በሚመጣ ዘመድ የሚታዘዝ ከሆነ፣ አላስፈላጊ ቅንጦት ነው። የሥረኛው መቶ ሜትር ውኃ ሳያይ ሊያረጅ ይችላል።

ናይለን ከሌለ ፕላስተር ይተካዋል። ማጠንጠኛው ከቅባት ተጠርጎ ይደርቅና አንድ ዙር ብቻ ፕላስተር ይለጠፍበታል፤ ጉንጉኑ ክር ከታሰረ በኋላ በጫፉ ላይ ሌላ ቁራጭ ይደረብበታል። ፋርማሲ የሚሸጠው የጨርቅ ፕላስተር ከላስቲኩ የተሻለ ነው፤ ጨርቁ ሻካራ ስለሆነ ክሩ ይነክሰዋል። ለኤሌክትሪክ ሽቦ የሚውለው የላስቲክ ፕላስተር ሮቤና ጎባ ብርድ ላይ አያስቸግር ይሆናል፤ አርባ ምንጭ ፀሐይ ላይ ግን ማጣበቂያው ይላላና ፕላስተሩ ራሱ ከነክሩ መንሸራተት ይጀምራል። አንዳንድ አምራቾች ይህንን ችግር አውቀው ማጠንጠኛው ላይ የጎማ ቀለበት ያኖራሉ፤ ሌሎች ክሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይበሱለታል። እንዲህ ያለ ሪል ያለው ሰው ናይለንም ፕላስተርም ሳይፈልግ ጉንጉኑን በቀጥታ ማሰር ይችላል። ምንም በሌለበት ደግሞ ክሩን ከመቋጠር በፊት ማጠንጠኛው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ማዞር ይረዳል፤ ይህ ግን ለትንሽ ዓሣ ብቻ የሚያገለግል ማስታገሻ ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ባሌ ውስጥ የት ላይ ያስፈልጋል? ዘንግና ሪል ተይዞ በብዛት የሚታየው በደጋው የትራውት ወንዞች ዳር ነው። ትራውት የኢትዮጵያ ተወላጅ አይደለም፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ከኬንያ መጥቶ ወይብን፣ ዳንካንና ሻያን በመሰሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ተለቀቀና ለመደ። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ለማጥመድ የሚሻ ሰው ዲንሾ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ይጠይቃል። በነዚህ ወንዞች ላይ ጉንጉን ክር ማምጣት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትርፍ ነው። ውኃው ጥርት ያለ ነው፤ ትራውትም ዓይኑ ፈጣን ነውና ጉንጉኑን ያየዋል። ዓሣው ብዙውን ጊዜ ከኪሎ አያልፍም፤ 3 ኪሎ ግራም የሚሸከም ቀጭን ናይለን ይበቃዋል። በዚያ ላይ ዲንሾ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በበጋው ንጋት ውርጭ ሲወርድ፣ በጉንጉኑ መካከል የገባው ውኃ በዘንጉ ቀለበቶች ላይ በረዶ ይሠራና ክሩን ያስቆመዋል።

ዝንብ መሰል መንጠቆ የሚጠቀሙት አጥማጆች ግን ሳያስቡት ከዚሁ ችግር ጋር ሊገናኙ ይችላሉ። የሚወረውሩት ወፍራም ክር ርዝመቱ 27 ሜትር ገደማ ነው፤ ከሥሩ ዓሣው ርቆ ሲሮጥ የሚለቀቅ ሌላ ቀጭን ክር ይጠመጠማል። ለዚህ የቆየው ምርጫ ዳክሮን ነው፤ እሱም የተጎነጎነ ነው፣ ነገር ግን ከፖሊስተር የተሠራ በመሆኑ ማጠንጠኛውን ደህና አድርጎ ይይዛል። ብዙ ሜትር በጠባብ ቦታ ለማስገባት ሲባል በዳክሮን ፈንታ ቀጭኑን ፖሊኤቲሊን ያደረገ ሰው መንሸራተቱን አብሮ ገዝቷል። ለዳንካ ትራውት ዳክሮን ከበቂ በላይ ነው፤ ዓሣው ያንን ሁሉ ክር ስቦ የሚሮጥበት ስፍራ ወንዙ ራሱ የለውም።

ጉንጉን ክር ቦታውን የሚያገኘው ከደጋው ሲወረድ ነው። ዋና ከተማዋ ብድሬ የሆነችው መዳ ወላቡ ወረዳ ከገናሌ ወንዝ ጋር ትዋሰናለች፤ ገናሌ ውስጥ አምባዛና ቢልጫ አለ። አንዱ የቢልጫ ዝርያ በሳይንሳዊ ስሙ እስከ ዛሬ የዚህን ወንዝ ስም ይዞ ይጠራል። ውኃው የደፈረሰ ስለሆነ የክሩ መታየት አያሳስብም፤ አምባዛ ደግሞ ወደ ጉድጓዱ ለመግባት ሲታገል ፈጥኖ ካልተመለሰ ሥርና ድንጋይ ውስጥ ይጠላለፋል። ከዚያም አልፎ ጫሞ ሐይቅ ያለው ናይል ፐርች እጅግ ግዙፍ ዓሣ ነው። በእንዲህ ያለ ውኃ ላይ የሪሉ ፍሬን በደንብ ስለሚጠብቅ በላላ መሠረት ላይ የተጠመጠመ ክር ወዲያው ይጋለጣል። ትራውት ላይ ዓመት ሙሉ ያልታወቀ ጉድለት በመጀመሪያው ትልቅ አምባዛ ይታወቃል።

መሠረቱ ከተያዘ በኋላም አጠማጠሙ ቸል የሚባል አይደለም። ጉንጉን ክር ላልቶ ከተጠመጠመ የላይኛው ዙር ዓሣ ሲስበው በሥረኞቹ መካከል ሰርጎ ይገባል፤ በሚቀጥለው ውርወራ እዚያው ተቀርቅሮ ክሩ ይበጠሳል ወይም ማጥመጃው ብቻውን በርሮ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሰው የክሩን ጥቅል እርሳስ ላይ ሰክቶ ይይዛል፣ ሌላው እጀታውን ያዞራል፤ ክሩ በሁለቱ መካከል በእርጥብ ጨርቅ ተጨብጦ ያልፋል። ጨርቁ የግድ ነው፤ ባዶ ጣት ላይ እየሮጠ የሚያልፍ ጉንጉን ክር ይቆርጣል። እርጥበቱ ደግሞ ሰበቃው የሚፈጥረውን ሙቀት ያበርዳል፤ ፖሊኤቲሊን ሙቀት አይወድም፣ ከ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቀልጣል። ማጠንጠኛው እስከ ከንፈሩ አይሞላም፤ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይቀርለታል። ከዚያ በላይ ከተሞላ ክሩ በውርወራ ጊዜ በአንድ ላይ ተግተልትሎ ይወጣና ይተበተባል።

ለመቁረጥም ስለታም መቀስ ያስፈልጋል፤ በጥርስና በደነዘዘ ቢላዋ አይሆንም። ቁርጥራጩ ወንዝ ዳር መጣል የለበትም፤ አይበሰብስም፣ ዲንሾ አካባቢ ረግረጉ ላይ የሚውሉ ወፎችን እግር ይጠልፋል።

ጉንጉን ክር ከናይለን ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነው። የፊተኛው ሠላሳ አርባ ሜትር ቀለሙ ለቆ ጸጉር ማውጣት ሲጀምር ሙሉውን አውልቆ መገልበጥ ይቻላል፤ ውኃ ያላየው የሥረኛው ወገን ወደ ፊት ይመጣል፣ ያረጀው ወደ ሥር ይገባል። ያን ጊዜ ከሥር ያለው ናይለንም አብሮ መታየት አለበት። ጠንክሮ ከተጠማዘዘ ወይም ቋጠሮው ላይ ነጭ ሆኖ ከተገኘ ጥቂት ሜትር አዲስ ናይለን መተካት ነው፤ ፕላስተር ከሆነም ተልጦ ማጠንጠኛው ይታጠብና ሌላ ይለጠፋል።