ብናኙ እስከ የት ይሄዳል?

በአውስትራሊያ ከሜልበርን ከተማ ያራቪል ሰፈር ተነስቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው ማራሊንጋ በረሃ ይደርሳል። ብሪታንያ እዚያ እ.ኤ.አ. በ1956 እና በ1957 ሰባት የአቶም ቦምቦች አፈንድታለች። «ይህን ያህል ከራቀ እኛን ምን ያገኘናል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ግን ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ በነፋሱ፣ በዝናቡና በምንመገበው ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ቦምብ መሬት አጠገብ ሲፈነዳ አፈሩን አቅልጦ ወደ ሰማይ ይስበዋል። አቶም ሲሰነጠቅ የተፈጠሩት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች በአፈሩ ላይ ይጣበቃሉ። ከዚህ ብናኝ ከባዱ በሰዓታት ውስጥ እዚያው አካባቢ ይወርዳል፤ በቀናት ውስጥ ሰው የሚጥለው የጨረር ሕመም ከዚህ ይመጣል። የደቀቀው በነፋስ ይነዳል፤ ዝናብ ካገኘውም ሩቅ አገር ላይ ባንድ ጊዜ ይወርዳል። ስለዚህ ከፍንዳታው የራቀ መንደር ከቀረበው የባሰ ሊጎዳ ይችላል። የግዙፍ ቦምቦች ብናኝ ደግሞ ከደመና በላይ ወጥቶ ዓለምን እየዞረ ለዓመታት ይረግፋል።

ጊዜ ግን ለሰው ያግዛል። ከፍንዳታው አንድ ሰዓት በኋላ የነበረው የጨረር ኃይል በሰባተኛው ሰዓት ወደ አንድ አሥረኛ፣ በሁለት ቀን ወደ አንድ መቶኛ ይወርዳል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከቤት አትውጡ የሚባለው ለዚህ ነው።

በማራሊንጋው ፍተሻ ጊዜ ሄድሊ ማርስተን የሚባል የአደላይድ ባዮኬሚስት በግጦሽ ላይ የነበሩትን በጎችና ከብቶች የእንቅርት ዕጢ ይመረምር ነበር። ያገኘው አዮዲን-131 የተባለውን ጨረር አመንጪ አዮዲን ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. የፈነዳው ቦምብ ከሂሮሺማው አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ብናኙ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አደላይድ ደረሰ። የፍተሻው የደህንነት ኮሚቴ ውጤቱን አልወደደለትም፤ እሱ ግን በ1958 አሳተመው። እኔን የዚህ ሰው ግትርነት ደስ ይለኛል።

የግጦሽ እንስሳትን ለምን መረጠ? ብናኙ ሣር ላይ ያርፋል፤ ላሟ ሰፊ መስክ ግጣ የሰበሰበችው አዮዲን በወተቷ ይወጣል፤ አዮዲኑ በዕጢ ውስጥ ይከማቻል፤ የልጅ ዕጢ ትንሽ ስለሆነ የበለጠ ይጎዳል፤ ከዓመታት በኋላም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። እንቅርት የሚበዛበት የኢትዮጵያ ደጋ ሰው ይህን ልብ ይበል፦ አዮዲን የጎደለው ዕጢ ጨረር ያለውንም አዮዲን አብልጦ ይስባል። ደግነቱ አዮዲን-131 በየስምንት ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። 80 ቀን በተቀመጠ የዱቄት ወተት ውስጥ የሚቀረው ከሺህ አንድ ገደማ ነው።

ብናኙ ውስጥ ያለው ሌላው ጨረር አመንጪ፣ ስትሮንቲየም-90፣ ግን እንዲህ ቶሎ አይለቅም፤ ወደ ግማሽ ለመውረድ 29 ዓመት ያህል ይፈልጋል። ካልሲየምን ስለሚመስል ሰውነት አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ መዘዙም የአጥንት ካንሰርና የደም ካንሰር ሊሆን ይችላል። የአውስትራሊያ ባለሥልጣናት ይህን ያውቁ ስለነበር ከ1957 እስከ 1978 ሜልበርንን ጨምሮ ከየከተማው ሆስፒታሎች የሟቾችን፣ የሕፃናትንም ጭምር፣ አጥንት እየሰበሰቡ አቃጥለው አመዱን አስመረመሩ። ናሙናው ወደ 22,000 ይጠጋል። ወላጆች አልተጠየቁም፤ ጉዳዩ ለሕዝብ በሰፊው የተሰማውም በ2001 ነው።

በዚያ ዘመን በዓለም ላይ የረገፈው ስትሮንቲየም አብዛኛው የማራሊንጋ አልነበረም። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በሌላኛው የምድር ንፍቀ ክበብ ካፈነዷቸው ግዙፍ ቦምቦች የመጣ ነበር። በሰማይ ላይ የሚደረገውን ፍተሻ የከለከለው ስምምነት በ1963 ከተፈረመ በኋላ ግን መጠኑ በጠቅላላው እየወረደ ሄደ።