በዳይኖሰሮች ዘመን የኖረችው የባሕር ዳርቻ ወፍ ስለ ዶሮዎቻችን ምን ትነግረናለች?

በቤልጂየም፣ ከኔዘርላንድስ ድንበር አቅራቢያ ካለ የኖራ ድንጋይ ማውጫ ሥፍራ በአውሮፓውያኑ 2000 የተገኘ አንድ ድንጋይ ለዓመታት ትኩረት ሳያገኝ ቆይቷል። መጠኑ ከመጫወቻ ካርታ እሽግ ብዙም አይበልጥም። በላዩ ላይ የሚታዩትም ጥቂት የተሰባበሩ የእግር አጥንቶች ብቻ ነበሩ።

የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ዳንኤል ፊልድና ባልደረቦቻቸው ድንጋዩን በሲቲ ስካን ሲመረምሩት ግን ያልጠበቁትን አዩ። ከአጥንቶቹ ጀርባ፣ ከሞላ ጎደል ሙሉ የሆነ የወፍ የራስ ቅል ተቀብሮ ነበር። ዕድሜው 66.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ግኝቱ በ2020 'ኔቸር' በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ላይ ታትሟል።

ወፏ አስቴሪዮርኒስ ተብላለች። ስያሜው የተወሰደው ከአስቴሪያ ነው፤ በግሪኮች አፈ ታሪክ ከተወርዋሪ ኮከቦች ጋር የምትያያዝና ራሷን ወደ ድርጭት የለወጠች አምላክ ናት። ምንቃሯ ወደ ዶሮ፣ የራስ ቅሏ የኋላ ክፍል ደግሞ ወደ ዳክዬ ያደላል። ተመራማሪዎቹ በዚህ ምክንያት ለሁለቱም ወገኖች የጋራ ቅድመ አያት የቀረበች አድርገው መደቧት። በየግቢያችን መሬት የምትጭረው ዶሮ የዘር ሐረጓ እስከ ዳይኖሰሮች ዘመን እንደሚዘልቅ ማሰብ ያስደንቃል።

ክብደቷ ከግማሽ ኪሎ በታች፣ እግሮቿም ቀጫጭንና ረዘም ያሉ ነበሩ። አፅሟ ያረፈበት አካባቢ በዚያን ጊዜ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር የተሸፈነ ነበር። በመሆኑም በባሕር ዳርቻ ሳትኖር እንዳልቀረች ይገመታል።

ይህ ግምት ቀላል ጉዳይ አይደለም። ወፏ ከሞተች አንድ ሚሊዮን ዓመት እንኳ ሳይሞላ በአሁኗ ሜክሲኮ፣ ዩካታን ላይ ግዙፍ አስትሮይድ ወደቀ፤ በራሪ ያልሆኑት ዳይኖሰሮችም ጠፉ። ደኖች በመውደማቸው በዛፍ ላይ የሚኖሩ ወፎች መጠለያ አጡ። አካላቸው አነስተኛ የሆነና መሬት ላይ የሚኖሩት ግን የተሻለ ዕድል ሳይኖራቸው አልቀረም። በእርግጥ አንድ ቅሪተ አካል ብቻውን ይህን አያረጋግጥም።

በዚያው ዘመንና በዚያው አካባቢ ያናቪስ የተባለ ሌላ ወፍም ይኖር ነበር። ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ከዛሬዎቹ ወፎች በተለየ ጥርስ ነበረው። ጥርስ ካላቸው ወፎች መካከል ከዚያ አደጋ የተረፈ የለም።