የመቀመጫ ቁመትና የተራራ መንገድ፦ ለአጭር አሽከርካሪ የሚስማማ የጉዞ ሞተር ሳይክል በምዕራብ ሐረርጌ

የጉዞ ሞተር ሳይክል፣ በተለምዶ አድቬንቸር እየተባለ የሚጠራው፣ አስፋልቱንም ኮረኮንቹንም እንዲችል ታስቦ የሚሠራ፣ አሞርዛተሩ ረጅም፣ ሆዱ ከመሬት ከፍ ያለ፣ መሪው ሰፊ፣ የዕቃ መጫኛው ጠንካራ የሆነ የሞተር ሳይክል ዓይነት ነው። ይህ ዓይነት በዓለም ገበያ ራሱን ችሎ የታወቀው ቢኤምደብልዩ እ.ኤ.አ. በ1980 አር 80 ጂ/ኤስ የተባለውን ሞዴል ካወጣ በኋላ ሲሆን፣ መልኩን በብዛት የወሰነው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 መጨረሻ ከፓሪስ ወደ ዳካር መካሄድ የጀመረው የበረሃ ውድድር ነው። በአሸዋ ክምርና በድንጋይ ላይ በፍጥነት የሚሮጥ ሞተር ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ብዙ መጫወት ስለሚኖርበት፣ አሞርዛተሩ በረዘመ ቁጥር መቀመጫውም አብሮ ወደ ላይ ወጣ፤ በዚህም ምክንያት ለረጃጅም ሰዎች የተመጠነ የሚመስል፣ መቀመጫው ከመሬት 860 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሚርቅ መሣሪያ የተለመደ ሆነ። ቁመቱ አጭር የሆነ አሽከርካሪ እንዲህ ያለውን ሞተር ሲመርጥ የሚገጥመው ችግር ከዚህ የመነጨ ነው።

ምዕራብ ሐረርጌ ይህን ጉዳይ ለመመርመር የሚመች አገር ነው። ከአዲስ አበባ በአዋሽ አልፎ የሚመጣው ዋና መንገድ ከ1,300 እስከ 1,400 ሜትር ከፍታ ካለው ከሚኤሶ ቆላ ተነሥቶ፣ ድሮ የጨርጨር አውራጃ ዋና ከተማ ወደነበረችውና ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅ በሂርና በኩል ወደ ቁልቢ፣ ሐረርና ድሬዳዋ ይዘልቃል። ከጭሮ ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ ደግሞ ኩኒን፣ በደሳንና ገለምሶን አቋርጦ ወደ መቻራ ይሄዳል። ከእነዚህ መንገዶች ወደ ቀበሌዎች የሚገነጠሉት የጠጠርና የአፈር መንገዶች በአብዛኛው ገደላገደል እየታከኩ የሚጓዙ፣ በበልግና በክረምት ዝናብ የሚጨቀዩ፣ በበጋም ልቅ ድንጋይ የሚሞላባቸው ናቸው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ሞተር የሚነዳ የግብርና ባለሙያ፣ የጤና ተቆጣጣሪ፣ መምህር ወይም ነጋዴ በየቀኑ የሚያስፈልገው ችሎታ በፍጥነት መሮጥ ሳይሆን፣ በዳገት፣ በገበያ ግርግር፣ በከብትና በባጃጅ መካከል በተደጋጋሚ ቆሞ፣ እግር መሬት አሳርፎ፣ እንደገና መነሣት ነው።

የአጭር አሽከርካሪ ጥያቄ ደግሞ የጥቂት ሰዎች ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች የአዋቂ ሴቶችን አማካይ ቁመት 157 ሴንቲሜትር አካባቢ ያደርጉታል፤ ከሞተር ጋር የሚነጻጸረው ግን ጠቅላላ ቁመት ሳይሆን የእግር የውስጥ ርዝመት፣ ማለትም ከብልት ሥር እስከ ተረከዝ ያለው ርቀት ነው። ይህ ርዝመት በአብዛኛው ሰው ዘንድ ከጠቅላላ ቁመቱ ከግማሽ ትንሽ ያነሰ፣ በግምት 46 በመቶ ያህል ስለሚሆን፣ 157 ሴንቲሜትር ለምትረዝም ሴት 72 ሴንቲሜትር ገደማ፣ 168 ሴንቲሜትር ለሚረዝም ወንድ ደግሞ 77 ሴንቲሜትር ገደማ ይመጣል። ትክክለኛውን ልክ ለማግኘት በባዶ እግር ከግድግዳ ጋር ቆሞ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮች መካከል ወደ ላይ አጥብቆ ይዞ፣ ከመጽሐፉ የላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ መለካት ይበቃል፤ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ በዚህ ልክ ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲሜትር ይጨምራል።

አምራቾች የመቀመጫ ቁመት ብለው የሚያትሙት ቁጥር ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከመቀመጫው ዝቅተኛ ቦታ እስከ መሬት ያለው ርቀት ነው። ቁጥሩ ጠቃሚ ቢሆንም ሁለት ነገሮችን አይናገርም። የመጀመሪያው የመቀመጫው ስፋት ነው፤ እግር ወደ መሬት የሚወርደው በቀጥታ ሳይሆን የመቀመጫውን ጎን ዞሮ በመሆኑ፣ ከፊት በኩል ሰፋ ያለ መቀመጫ ጭንን ወደ ውጭ ገፍቶ ርቀቱን ያስረዝመዋል፣ ጠባቡ ግን ያሳጥረዋል። ሁለተኛው የሞላ መተኛት ነው፤ አሽከርካሪው ሲቀመጥ ሞላው በክብደቱ ይጨመቃል፤ ረጅም አሞርዛተር ባላቸው ሞተሮች ይህ መጠን ከጠቅላላው የመጫወቻ ርቀት ከሩብ እስከ ሲሶ ሊደርስ ይችላል። ይሁን እንጂ አጭር ሰው ብዙውን ጊዜ ቀላልም ስለሚሆን፣ ለ80 ኪሎ ሰው የተመጠነ ሞላ ለ50 ኪሎ ሰው የሚገባውን ያህል ላይተኛ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ሞተሩ አጭሩን አሽከርካሪ ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል ማለት ነው።

በዓለም ገበያ የሚታወቁ አራት ሞዴሎች ጎን ለጎን ሲታዩ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 250 የመቀመጫው ቁመት 800 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 188 ኪሎ ግራም፣ ከሆዱ እስከ መሬት ያለው ክፍተት 160 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ሮያል ኤንፊልድ ሂማሊያን፣ ባለ 411 ሲሲው፣ የመቀመጫው ቁመት ያው 800 ሆኖ 199 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ የሆዱ ክፍተት ግን 220 ሚሊሜትር ነው። በጃፓን ሴሮው በሚል ስም የሚታወቀው ያማሃ ኤክስቲ 250 መቀመጫው 830 ሚሊሜትር፣ ክብደቱ 132 ኪሎ ግራም አካባቢ፣ ክፍተቱ 285 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ሆንዳ ሲአርኤፍ 300ኤል ደግሞ 880 ሚሊሜትር ቁመት፣ 142 ኪሎ ግራም ክብደትና 285 ሚሊሜትር ክፍተት አለው። በመቀመጫ ቁመት ብቻ የሚመርጥ ሰው ከሁለቱ ባለ 800ዎች አንዱን ይወስዳል፤ ሆኖም ባለ 160 ሚሊሜትሩ ከሂርና ወይም ከበደሳ ወደ ገጠር በሚገነጠል የድንጋይ መንገድ ላይ ሆዱ ይመታል፣ ባለ 199 ኪሎውም ጭቃ ላይ ከወደቀ አንድ ቀላል ሰው ብቻውን ለማንሣት ይቸገራል። ሴሮው ከሁለቱ በሦስት ሴንቲሜትር ቢበልጥም መቀመጫው ጠባብ፣ ክብደቱም ከሂማሊያኑ በ67 ኪሎ ግራም ያነሰ ነው፤ ከመነሻውም የተነደፈው በተራራ ቀጭን መንገድ ላይ በሁለት እግር እየተገፋ ጭምር እንዲያልፍ ታስቦ ነው።

ክብደት ከቁመት የሚቀድምበት ምክንያት በቀላል የፊዚክስ ስሌት ይገለጣል። ሞተር ቀጥ ብሎ ሲቆም ክብደቱን ጎማዎቹ ይሸከማሉ፤ ሲጋደል ግን የክብደቱ ከፊል በአሽከርካሪው እግር ላይ ያርፋል፤ ይህም ጫና ከሞተሩ ክብደትና ከመጋደሉ መጠን ጋር አብሮ ያድጋል። ከ10 ዲግሪ ወደ 20 ዲግሪ የተጋደለ ሞተር የሚጠይቀው የመያዣ ጉልበት እጥፍ ገደማ ይሆናል። እግሩ ረጅም የሆነ ሰው መጋደሉን ገና በመጀመሪያው ዲግሪ ይገታዋል፤ የአጭሩ ሰው እግር መሬት የሚነካው ሞተሩ ጥቂት ከተጋደለ በኋላ ስለሆነ፣ ክብደቱን የሚቀበለው ጫናው አስቀድሞ ካደገ በኋላ ነው። በመሆኑም ሁለት ሴንቲሜትር ዝቅ ያለ ነገር ግን 60 ኪሎ የሚጨምር ሞተር ለአጭር ሰው ቀለለለት አይባልም።

የመሬቱ ተዳፋትም ራሱን የቻለ ስሌት አለው። መሬት የሚረግጠው እግር ከሞተሩ መሐል መስመር 35 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል ቢባል፣ መንገዱ ወደ ጎን 10 በመቶ ካዘቀዘቀ መሬቱ በዝቅተኛው በኩል በ3.5 ሴንቲሜትር ይርቃል፣ በከፍተኛው በኩል ደግሞ በዚያው ልክ ይቀርባል፤ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው ልዩነት 7 ሴንቲሜትር ይሆናል። ይህም ብዙ ሰው ዝቅ ያለ መቀመጫ ለመግዛት ከሚከፍልበት ልዩነት ይበልጣል። በኢትዮጵያ ተሽከርካሪ የሚሄደው በቀኝ በኩል በመሆኑና የመንገዱ ወለል ውኃ እንዲያፈስስ ከመሐል ወደ ዳር ስለሚያዘቀዝቅ፣ በቀኝ ዳር ለሚቆም ሞተረኛ ከፍ ያለው መሬት በግራው ይውላል። ይህ ለአጭር አሽከርካሪ መልካም አጋጣሚ ነው፤ ዳገት ላይ ሲቆም ቀኝ እግሩ የኋላውን ፍሬን መያዝ ስላለበት መሬት የሚረግጠው ግራ እግሩ ነውና። ዳገት ላይ ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማ ስለሚሸሽ በጠጠር ላይ የፊት ፍሬን ብቻውን ሞተሩን ላይገታው ይችላል፤ ሁለቱንም እግሮች መሬት አሳርፎ በእጅ ፍሬን ብቻ መቆም የሚመስለውን ያህል አስተማማኝ የማይሆነውም ለዚህ ነው። ሁለት እግር አሟልቶ መርገጥ የምርጫ መለኪያ መሆን የለበትም የሚባለው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ የአንድ እግር የፊት ግማሽ በእርግጠኝነት መሬት መያዙ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል።

የተገዛ ሞተርን ዝቅ ማድረግ የሚቻልባቸው መንገዶች አሉ፤ እያንዳንዱም የሚያስከፍለው አለ። ቀላሉና ጉዳቱ ትንሹ የመቀመጫውን ስፖንጅ ማሳነስ፣ በተለይም የፊቱን ጎንና ጎን መቅረጽ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲሜትር ያስገኛል፣ ስፖንጁ ከመጠን በላይ ከሳሳ ግን ከጭሮ መቻራ ድረስ መቀመጥ ያማል። ሁለተኛው የሞላውን ቅድመ ውጥረት፣ ማለትም ማንም ሳይቀመጥበት ሞላው ተጨምቆ የሚታሰርበትን መጠን፣ ማላላት ነው፤ ይህ ለቀላል አሽከርካሪ ብቻውን ሲነዳ የሚገባ ማስተካከያ ቢሆንም፣ ከኋላ ሰው ወይም ጭነት ሲጨመር ሞላው እስከ መጨረሻው ተኝቶ ይመታል። ሦስተኛው የኋላ አሞርዛተሩን የሚያያይዘውን ብረት በሌላ ልክ መለወጥና የፊት አሞርዛተሮቹን በማሰሪያቸው ውስጥ ወደ ላይ መሳብ ነው። ይህ ሲሠራ ፊቱና ኋላው በተመጣጠነ መጠን መውረድ ይኖርባቸዋል፤ ኋላው ብቻ ከወረደ መሪው ይዘገያል፣ የዳገት አያያዙም ይበላሻል። የጎን ማቆሚያውም በዚያው ልክ ካላጠረ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነፋስ ይጥለዋል። ከሁሉም በላይ ሞተሩ በወረደ ቁጥር የሆዱ ክፍተት አብሮ ስለሚቀንስ፣ ለተራራ መንገድ የተገዛበትን ምክንያት ራሱን ሊያሳጣ ይችላል። ውድ በሆኑ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የሃርሊ ዴቪድሰን ፓን አሜሪካ የላቀ ዓይነት፣ ሞተሩ ሊቆም ሲል በኤሌክትሮኒክስ ራሱን ዝቅ የሚያደርግ ሥርዓት ቢኖርም፣ ክብደታቸውና የመለዋወጫቸው ሁኔታ ለምዕራብ ሐረርጌ የገጠር ሥራ የሚታሰቡ አያደርጋቸውም።

ለአካባቢው የቀረበው ምሳሌ በኢትዮጵያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የረድኤት ድርጅቶች ዘንድ የሚታወቀው ያማሃ ኤጂ 100 ነው። ይህ አነስተኛ ሞተር ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ገበሬዎች የተሠራ ሲሆን፣ ለፍጥነት ሳይሆን ለቀስታ ጉዞ የሚስማማ ማርሽ፣ ከጭቃ የሚከላከል የካቴና ሽፋን፣ ሰፊ የዕቃ መጫኛና በግራም በቀኝም ማቆሚያ አለው። ሁለቱ ማቆሚያዎች በተዳፋት ላይ ትልቅ ጥቅም አላቸው፤ ማቆሚያው በግራ ብቻ ከሆነና የግራው መሬት ዝቅ ካለ ሞተሩ ከመጠን በላይ ስለሚጋደል አጭር ሰው መልሶ ለማቅናት ይቸገራል፣ ከፍ ካለ ደግሞ ወደ ቀኝ ሊገለበጥ ይችላል። በሌላ በኩል በከተሞቹ የሚበዙት እንደ ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ ያሉ የመንገድ ሞተሮች መቀመጫቸው ዝቅ ያለ፣ መለዋወጫቸው ቅርብ፣ ለጠጋኝም የተለመዱ ናቸው፤ የሚያንሳቸው የአሞርዛተር ርዝመትና የጎማ ጥርስ ነው። መንገዱ አብዛኛው አስፋልትና ደህና ጠጠር ለሆነ ሰው፣ ጥርሱ ጎላ ያለ ጎማ የተገጠመለት እንዲህ ያለ ሞተር ከውድ የጉዞ ሞተር የተሻለ ምርጫ ሊሆን ይችላል።

ጭነት ስሌቱን ሁሉ ይለውጣል። የጫት እስር፣ የቡና ጆንያ ወይም ውኃ የተሞላ ጄሪካን ከመቀመጫው በላይ ሲታሰር የክብደቱን ማዕከል ወደ ላይ ያወጣዋል፣ አጭር ሰውም እግሩን በጭነቱ ላይ አሻግሮ መቀመጥ አይችልም። መፍትሔው ጭነቱን ወደ ታችና ወደ ጎን ማውረድ፣ ሲወጡም የግራውን የእግር መርገጫ እንደ እርካብ መጠቀም ነው፤ ለዚህ ደግሞ የጎን ማቆሚያው ጥንካሬ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። አቋቋምም ይታሰብበታል፤ አፍንጫውን ወደ ቁልቁል አድርጎ ከግድግዳ ጋር የቆመን ሞተር በእግር ጫፍ እየገፉ ወደ ኋላ ማውጣት ለአጭር ሰው አይቻልም ለማለት ይቀርባል፤ ስለዚህ መውጫው ከማቆሙ በፊት ይመረጣል፣ ሞተሩም በአንደኛ ማርሽ ይቆማል።

እንግዲህ የምርጫው ቅደም ተከተል እንደሚከተለው ይሆናል። በመጀመሪያ ሞተሩ ከነነዳጁ ሲወድቅ ገዥው ብቻውን ሊያነሣው የሚችል መሆኑ ይፈተናል፤ ቀጥሎ የመቀመጫው ጥበት፣ ከዚያ ቁመቱ፣ በመጨረሻም የሆዱ ክፍተት ለሚሄድበት መንገድ መብቃቱ ይታያል። መለዋወጫው በጭሮ፣ በድሬዳዋ ወይም በአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ መገኘቱም ከሞተሩ ዋጋ ጋር አብሮ ይጠየቃል። ሙከራውም በሻጩ ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ መደረግ የለበትም፤ በሥራ ጫማ፣ የተለመደውን ጭነት ጭኖ፣ ዳገት ላይ ቆሞ በኋላ ፍሬንና በፍሪሲዮን እንደገና መነሣት እስኪቻል ድረስ መሞከር ይኖርበታል። ይህን ፈተና ያለፈ ባለ 830 ሚሊሜትር ሞተር ካላለፈው ባለ 780 ይልቅ ለአጭሩ ሰው ዝቅተኛ ነው።